ከንድፉ በፊት አጠጪው፦ ስለ ሰፈር መናፈሻ ለተጠየቁን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ሰፈር መናፈሻ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የጻፉልን መናፈሻው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ስለገጠማቸው ችግር ነው፤ መንስኤው ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው መሬቱ ከመቆፈሩ በፊት መወሰን በነበረበት ነገር ላይ ነው። ስለ ውኃ፣ ስለ ጥገናና ስለ ሰው ጉልበት ደጋግመን የምናነሣውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ለሰፈራችን ወደ 2,000 ካሬ ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ ለመናፈሻ ተፈቅዶልናል። ንድፍ የሚያወጣልን ባለሙያ ልንቀጥር ነው። ከእሱ በፊት እኛ ልንሠራው የሚገባ ነገር ይኖር ይሆን?
*የሰፈር ኮሚቴ ጸሐፊ*

መልስ፦ አለ፤ ከንድፉም የሚቀድም ነው። ውኃውን ማን፣ ከየት ቀድቶ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚያጠጣ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ግንዱ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው አዲስ ችግኝ ዝናብ በሌለበት ጊዜ በሳምንት 40 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። 50 ችግኝ ብትተክሉ 2,000 ሊትር ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 100 ጀሪካን። ይህን በየሳምንቱ የሚሸከም ሰው፣ ወይም እስከ ችግኙ የሚደርስ ጎማ ከሌላችሁ 50ው ወደ 20 መውረድ አለበት። ሣር ከዛፍም ይብሳል። በደረቅ ወቅት አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ይፈልጋል፤ ይህም በካሬ ሜትር 25 ሊትር ማለት ነው። 500 ካሬ ሜትር ሣር እንግዲህ በሳምንት 12,500 ሊትር ይጠጣል። ይህ ቁጥር በእጃችሁ ሳይኖር ንድፍ አውጪውን አታነጋግሩ፤ የሚያምር ሥዕል ይዞላችሁ ይመጣና በሁለተኛው ዓመት መሬቱ አቧራ ይሆናል። ፏፏቴ የሚል ሐሳብ ከመጣም በተመሳሳይ መንገድ ጠይቁ፦ ፓምፑን ማን ያጸዳል፣ ሲቃጠልስ ማን ይተካል? የደረቀ ፏፏቴ ወዲያውኑ የቆሻሻ ጉድጓድ ነው የሚሆነው።

ቀጥሎ ቦታውን ተመልከቱት። በአንድ የሥራ ቀንና በአንድ የዕረፍት ቀን ጠዋት፣ ቀትር ላይና ወደ ማታ ለ15 ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ ማን እንደሚያልፍ፣ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ መዝግቡ። ሰው በእግሩ ያወጣው ቀጭን መንገድ ካለ በካርታው ላይ አስፍሩት፤ ዋናው የመናፈሻው መንገድ በዚያ ላይ ማለፍ አለበት። በአበባ መደብ ብትዘጉት አበባው ይረገጣል እንጂ ሰው አይዞርም። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስትም ሄዳችሁ ውኃ የተኛበትን ቦታ በካስማ ምልክት አድርጉ።

አፈሩንም ፈትኑት። ወርዱም ቁመቱም ጥልቀቱም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ቦታ ቆፍሩ። ውኃ ሞልታችሁ እስኪሰርግ ጠብቁ፤ ይኼኛው አፈሩን ለማራስ ብቻ ነው፣ አይቆጠርም። እንደገና ሙሉና ውኃው በሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ በማስመሪያ ለኩ። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ ቦታው ውኃ ይይዛል፤ ዛፉን ከፍ ባለ መደብ ላይ መትከል ወይም ለውኃው መውጫ ማበጀት ያስፈልጋል።

ንድፉ ሲደርስ ደግሞ በወረቀት ብቻ አይታችሁ አታጽድቁት። መንገዱንና መጫወቻውን መሬት ላይ በኖራ አስምሩ፣ አግዳሚ ወንበር በሚቀመጥበት ቦታ ከየቤታችሁ ወንበር አምጥታችሁ አስቀምጡ፣ ጎረቤቱንም ጋብዙ። ወረቀት ላይ ሰፊ የመሰለው ሜዳ እውነተኛ ስፋቱ የሚታየው ያኔ ነው። ኖራ ማጥፋት ኮንክሪት ከማፍረስ ይቀላል።

ጥያቄ፦ እኛ ያለን በሁለት ሕንፃዎች መካከል የቀረ 150 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ለመናፈሻ ይሆናል ብላችሁ ታስባላችሁ?

መልስ፦ በሚገባ። አምስተርዳም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንዲህ ያሉ ቁራጭ ቦታዎችን ነው ወደ ልጆች መጫወቻ የቀየረችው። አልዶ ቫን አይክ የተባለው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1947 የመጀመሪያውን ነደፈ፤ በሚቀጥሉት 30 ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ700 በላይ ደረሰ። በአብዛኞቹ ውስጥ የነበረው ነገር ጥቂት ነው፦ ሰፊ የኮንክሪት ከንፈር ያለው የአሸዋ ገንዳ፣ መዝለያ ጉቶዎች፣ መንጠልጠያ ብረት፣ ወንበርና ዛፍ። የገንዳው ከንፈር ለእናቶችና ለአባቶች መቀመጫ ሆኖ ያገለግል ነበር። በ150 ካሬ ሜትር ላይ ሁሉን ነገር ለማስገባት አትሞክሩ። አንድ ትልቅ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ፣ ስድስት ሰባት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታና ለትንንሾች የሚሆን አንድ መጫወቻ ይበቃል። ሣሩን ተዉት፤ እንዲህ ባለ ጠባብ ቦታ ብዙ ስለሚረገጥ አይቆይም።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ከተከልናቸው 60 ችግኞች ከግማሽ በላይ ደርቀዋል። በየቀኑ ጠዋት አጠጥተናል፣ ማዳበሪያም ጨምረናል። ስህተታችን ምንድን ነው?
*ተስፋ ለመቁረጥ የተቃረቡ ጎረቤቶች*

መልስ፦ ተስፋ አትቁረጡ፤ ደረቀ የተባለው ሁሉ የሞተ ላይሆን ይችላል። በጥፍራችሁ የቅርንጫፉን ቅርፊት ትንሽ ፋቁ፤ ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ግንዱ እየወረዳችሁ ድገሙት።

ስለ ምክንያቱ፣ በየቀኑ ማጠጣታችሁ ራሱ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። በየቀኑ የሚፈስ አንድ ጣሳ ውኃ የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያርሳል፤ ሥሩም ውኃውን ፍለጋ ወደ ላይ ይመጣና አጠጪው ለሁለት ቀን ሲቀር ፀሐይ ያገኘዋል። በመጀመሪያው መልስ የጠቀስነውን የሳምንት 40 ሊትር ለሁለት ጊዜ ከፍላችሁ፣ ቀስ ብሎ እንዲሰርግ አጠጡ። ከጎኑ ትንሽ ቀዳዳ የተበሳ ጀሪካን ሥሩ አጠገብ ማስቀመጥ ጥሩ ዘዴ ነው። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን ወይም ቀጭን እንጨት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገቡ፤ እርጥበት ካለ ለሌላ ቀን ይቆይ። የውኃ ብዛትም ይገድላል፤ ሥር አየር ካጣ ይበሰብሳል። የሚያሳዝነው ደግሞ ውኃ የበዛበት ዛፍ ቅጠሉ ልክ እንደተጠማ ዛፍ መጠውለጉ ነው፤ አጠጪውም አይቶ ይጨምርበታል።

ሁለተኛው ጥልቀት ነው። የግንዱን ግርጌ በእጃችሁ ቆፍሩና ግንዱ ሰፋ ብሎ ወደ ሥር የሚለወጥበትን ቦታ ፈልጉ። ይህ ቦታ ከመሬት በላይ መታየት አለበት። 10 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ካገኛችሁት በጥልቀት ተተክሏል፤ ቅርፊቱ በእርጥብ አፈር ተቀብሮ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። ትክክለኛው ጉድጓድ ወርዱ ከሥሩ ኳስ (ሥሩና አብሮት ያለው አፈር) 2 እስከ 3 እጥፍ፣ ጥልቀቱ ግን ከኳሱ ቁመት የማይበልጥ ነው። ከታች ልል አፈር ከተተወ ዛፉ በኋላ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ኳሱ ባልተነካ ጠጣር አፈር ላይ ይቀመጥ። ጉድጓዱ የሚሞላውም በወጣው አፈር ራሱ ነው። ጉድጓዱን በኮምፖስት ብቻ መሙላት እንደ ማሰሮ ያደርገዋል፤ ሥሩ ከዚያ ምቾት ወጥቶ ወደ ጎረቤቱ ጠንካራ አፈር መሄድ አይፈልግም። ማዳበሪያውን ለመጀመሪያው ዓመት ተዉት። ሥር ያልያዘን ችግኝ ቅጠል አብዛ ማለት ጉዳት ነው።

በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ብዙ የቆየ ችግኝ ሥሩ ክብ እየሠራ ይጠመጠማል። እንዲህ ሆኖ ከተተከለ በመሬት ውስጥም መዞሩን ይቀጥላል፤ ከዓመታት በኋላ የራሱን ግንድ ያንቃል ወይም በንፋስ ይወድቃል። ሲተከል ከረጢቱን ሙሉ በሙሉ አውልቁ፣ ዙሪያውን የተጠመጠመውን ሥር በስለት ቆርጣችሁ ወይም ፈታታችሁ ወደ ውጭ ዘርጉት።

ከተተከለ በኋላ በ1 ሜትር ዙሪያ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ (የተከተፈ ቅርንጫፍ፣ ደረቅ ቅጠል) አልብሱት፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ። ጉዝጓዙ እርጥበት ከመጠበቁም በላይ ሣር አጫጁን ከግንዱ ያርቅልናል። ብዙ ወጣት ዛፍ የሚሞተው በውኃ ጥም ሳይሆን በሣር ማጨጃ ማሽን ገመድ ቅርፊቱ ዙሪያውን ተልጦ ነው፤ ምግብ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው በዚያ ቀጭን ቅርፊት ውስጥ ነውና። ካስማ ካቆማችሁለትም ማሰሪያው ለስላሳና ላላ ያለ ይሁን፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ፈትታችሁ አንሡት። የተረሳ ሽቦ ግንዱ ውስጥ ይሰምጣል።

ሲተካ ደግሞ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ አትትከሉ። አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍራንክ ሳንታሞር እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡት መመሪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፦ ከአንድ ዝርያ ከ10 በመቶ፣ ከአንድ ወገን ከ20 በመቶ፣ ከአንድ ቤተሰብ ከ30 በመቶ አይብለጥ (ወገን የተቀራረቡ ዝርያዎች፣ ቤተሰብ ደግሞ የተቀራረቡ ወገኖች ስብስብ ነው)። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ጎዳናዎቻቸውን በኤልም ዛፍ ሞልተው ነበርና በሽታ ሲገባ መንደር ሙሉ ጥላ አብሮ ጠፋ። የእናንተ 60 ችግኝ ከ10 ያላነሰ ዝርያ ቢኖረው አንድ ተባይ ሁሉንም አያጠፋባችሁም።

ጥያቄ፦ የመናፈሻችን መንገድ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲደርቅ አቧራ ነው። ጠጠር አፈሰስንበት፤ እሱም ተበታተነ። አስፋልት ወይም ኮንክሪት የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ጠጠራችሁ የተበታተነው ምናልባት የወንዝ ጠጠር ስለሆነ ነው። ክብ ድንጋይ እርስ በርሱ አይያያዝም፤ ስንት ጊዜ ቢጠቀጠቅ ከእግር ሥር ይንሸራተታል፣ የዊልቸር ጎማም ይውጣል። የሚያስፈልገው ጠርዝ ያለው የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ያውም ዱቄቱ ሳይነፋ። ቀዳዳውን ሞልቶ የሚያያይዘው ዱቄቱ ነውና።

የመንገዱ ስፋት ሁለት ዊልቸር እንዲያሳልፍ 1.8 ሜትር ይሁን። ጥቁሩን የላይ አፈር አንሥታችሁ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ፣ ወለሉን ጠቅጥቁ፣ አፈሩ ሸክላማ ከሆነ ጂኦቴክስታይል (ውኃ አሳልፎ አፈር የሚያግድ ጨርቅ) አንጥፉበት፤ ያለዚያ ድንጋዩ በየዝናቡ ወደ ጭቃው ይሰምጣል። ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ሻካራ የተፈጨ ድንጋይ በሁለት ዙር፣ በላዩም 5 ሴንቲ ሜትር ደቃቁን። እያንዳንዱ ዙር ለብቻው ይጠቀጠቅ። ድንጋዩ ሲጠቀጠቅ እርጥብ መሆን አለበት፦ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ፣ ግን ውኃ የማይንጠባጠብ። እንዲህ ሲሆን መንገዱ ከአካባቢው መሬት 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይጨርሳል። ወደ አንድ ጎን 2 በመቶ ያዘንብል፤ በ1.8 ሜትር ስፋት ላይ 3.6 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱን ጠርዝ በድንጋይ ወይም በእንጨት ካላሰራችሁት ከዳር እየተሸረሸረ ይሰፋል።

ለ60 ሜትር መንገድ የሚያስፈልገውን እንንገራችሁ። 108 ካሬ ሜትር ነው፤ ሻካራው 10.8፣ ደቃቁ 5.4 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ ሩብ ያህል ጨምራችሁ 13.5 እና 6.8 እዘዙ።

ቁልቁለቱ በ1 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ግን ጎርፍ ደቃቁን ይወስደዋል። ያንን ክፍል ብቻ በኮብልስቶን ወይም በኮንክሪት ሥሩ።

ጥያቄ፦ የልጆች መጫወቻ አለን፦ ሁለት ዥዋዥዌ፣ አንድ ሸርተቴና መወጣጫ። ከሥሩ ጠንካራ መሬት ነው። አንድ ልጅ ወድቆ እጁ ተሰብሯል። ምን እናስተካክል?

መልስ፦ ዛሬውኑ ዥዋዥዌውን አውርዱና ወለሉ እስኪሠራ አቆዩት። በመጫወቻ ቦታ ከባድ ጉዳት የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ መውደቅ ነው፤ ከመውደቁም በላይ የሚያርፍበት ወለል። ሣር በቂ አይደለም። በሳምንታት ውስጥ ተረግጦ እንደ ኮንክሪት ይጠነክራል።

ከሁሉ የሚቀለው ወለል የተከተፈ እንጨት ነው፤ ሰጋቱራ ማለታችን አይደለም፣ የጣት ቁራጭ የሚያህለውን። 30 ሴንቲ ሜትር ካፈሰሳችሁ ረግቶ 23 ገደማ ይሆናል፤ ይህም እስከ 2.1 ሜትር ከፍታ ለሚወድቅ ልጅ ይበቃል። አሸዋ በዚያው በ23 ሴንቲ ሜትር ውፍረት የሚበቃው እስከ 1.2 ሜትር ብቻ ነው፤ ሲርስም ይጠነክራል። ለስላሳው ወለል በየመሣሪያው ዙሪያ 1.8 ሜትር መውጣት አለበት። ዥዋዥዌ ግን ልዩ ነው፦ ሰንሰለቱ የተንጠለጠለበት ብረት 2.1 ሜትር ከፍታ ካለው ወደ ፊት 4.2፣ ወደ ኋላም 4.2 ሜትር ያስፈልጋል፤ ልጅ ከመቀመጫው የሚወረወረው በዚያ አቅጣጫ ነውና። በአንድ ማቆሚያ ላይ ከሁለት መቀመጫ በላይ አይንጠልጠል። በመካከላቸው 60፣ ከምሰሶው ደግሞ 75 ሴንቲ ሜትር ይኑር።

ከወለሉ ቀጥሎ የሚያስፈራን የጭንቅላት መያዝ ነው። ትንሽ ልጅ እግሩን አስቀድሞ በጠባብ ክፍተት ይገባና ሰውነቱ አልፎ ጭንቅላቱ ይቀራል፤ ይህ ይገድላል። ከ9 ሴንቲ ሜትር በላይና ከ23 በታች የሆነ ክፍተት ሁሉ አደገኛ ነው። ለመፈተሽ ሁለት መለኪያ ከእንጨት ሥሩ፦ አንዱ 9 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ፣ ሌላው 23 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ። በየክፍተቱ ሞክሩ። ትንሹ ገብቶ ትልቁ ካልገባ ያንን ክፍተት ዝጉት ወይም አስፉት። በዚሁ አጋጣሚ በመወጣጫው ላይ ገመድ ማሰርን ከልክሉ፤ የልብስ ማሰሪያና የአንገት ክርም ሸርተቴው ጫፍ ላይ እንዳይያዝ ወጣ ያለ ብሎን ካለ ቆርጣችሁ አለስልሱት። የብረት ሸርተቴ ቀትር ላይ ቆዳ ያቃጥላል፤ ጥላ ውስጥ ይግባ።

ፍተሻው በሦስት ደረጃ ቢከፈል ይሻላል። በየሳምንቱ አንድ ሰው የተሰበረ ጠርሙስ ይለቅማል፣ ከዥዋዥዌው ሥር የተገፋውን እንጨት በመጥረጊያ ይመልሳል (ቶሎ የሚሳሳው እዚያ ነው)። በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ብሎን ይጠበቃል፣ የሰንሰለቱ መንጠልጠያ ቀለበት መሳሳቱ ይታያል፣ የምሰሶው ግርጌ ተቆፍሮ ዝገትና መበስበስ ይመረመራል፣ የታየ የመሠረት ኮንክሪት ካለ ይሸፈናል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ መጫወቻውን ያልሠራውና ያልገጠመው ባለሙያ ይየው። የተያዘው መዝገብ ቀንና ስም ይኑረው።

ስለ ዕፅዋትም አንድ ቃል እንጨምር። ጉሎ፣ አስተናግርና ኦሊያንደር የተባለው ባለ አበባ ቁጥቋጦ ከመጫወቻው አጠገብ አይብቀሉ። የጉሎ ፍሬ ለልጅ ዶቃ ይመስላል፤ ታኝኮ ከተዋጠ ግን መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ መናፈሻችን ወንዶች ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ብቻ ሆኗል። ሴት ልጆችና አዛውንት አይመጡም። ኳሱን እንከልክል?

መልስ፦ አትከልክሉ። የቪየና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህንኑ አጥንታ ነበር፤ ሴት ልጆች ዕድሜያቸው 9 ዓመት ገደማ ሲሆን ከመናፈሻ እንደሚጠፉ ታየ። ባለሙያዎቹ ልጆቹን ጠየቁ፤ ከዚያም በሁለት መናፈሻዎች ውስጥ መንገዱንና መጫወቻውን ለወጡ። አንዱን ትልቅ ሜዳ ወደ አነስተኛ ክፍሎች ከፋፈሉት፣ መግቢያዎችን አበዙ፣ ለሌላ ጨዋታና ለመቀመጥ የሚሆን ቦታ ጨመሩ። ሴት ልጆቹም ተመለሱ። አንድ በር ብቻ ያለው የታጠረ ሜዳ ቀድሞ የገባው ቡድን ግዛት ይሆናል፤ በር ላይ ወንዶች ከተቀመጡ ሴት ልጅ አልፋ አትገባም። ሁለት ሦስት ሰፊ መግቢያ ክፈቱ። ሜዳውን በ45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የመቀመጫ ግንብ ለሁለት ክፈሉት፤ አንዱን ለኳስ፣ ሌላውን ለመረብ ኳስ፣ ለገመድ ዝላይ፣ ለወግ። ከሁሉ በፊት ግን ሴት ልጆቹን ያለ ወንድሞቻቸው ሰብስባችሁ ጠይቋቸው።

አዛውንት የማይመጡት ብዙ ጊዜ በመቀመጫው ምክንያት ነው። ዝቅ ያለና መደገፊያ የሌለው ወንበር ላይ ጉልበቱ የደከመ ሰው ይቀመጣል እንጂ መነሣት አይችልም። መቀመጫው ከ43 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ የጀርባ መደገፊያና ሁለት የክንድ መደገፊያ ይኑረው፤ በየ50 ሜትሩ አንድ ይቀመጥ፣ ከጎኑም ለዊልቸር 90 በ120 ሴንቲ ሜትር የተስተካከለ ቦታ ይተው። ፊቱን ወደ ሰው እንቅስቃሴ፣ ጀርባውን ወደ ዛፍ ወይም ግንብ አዙሩት። ጀርባው ለመንገድ ክፍት የሆነ ወንበር ላይ ሰው ደስ ብሎት አይቀመጥም።

ጥያቄ፦ ሲመሽ መናፈሻው ያስፈራል። ከፍ ያለ አጥርና ኃይለኛ መብራት ልናደርግለት አስበናል።

መልስ፦ ሁለቱም ችግሩን ሊያባብሱት ይችላሉ። በኒው ዮርክ የሚገኘው ብራያንት ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአደንዛዥ ዕፅ ሻጮች መዋያ የሆነበት አንዱ ምክንያት ከመንገዱ ከፍ ብሎ፣ በቁጥቋጦ አጥር ተከልሎ፣ ከውጭ የማይታይ መሆኑ ነበር። የሰዎችን አቀማመጥ ለዓመታት ሲመለከቱ የኖሩት ዊልያም ዋይት ያቀረቡት ምክር ቁጥቋጦውን ማንሣት፣ መግቢያውን ማብዛትና ማስፋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 እንደገና ሲከፈት ሰው እንደፈለገ የሚያንቀሳቅሳቸው ቀላል ወንበሮችም ገቡ፤ ቦታው በሰው ተሞላ።

እናንተም በመግረዝ ጀምሩ። በመንገድ ዳር ያለው ቁጥቋጦ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፣ የዛፎቹ የታች ቅርንጫፍ ከ2 ሜትር በላይ ይነሣ፤ በሁለቱ መካከል ዓይን በነፃ ያልፋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ግን ከወጣት ዛፍ ቅጠል ከሩብ በላይ አታንሡ። መብራቱ ከኃይሉ ይልቅ እኩል መሰራጨቱ ይበልጣል። አንድ የሚያነድድ መብራት ከበስተጀርባው ያለውን ጥቁር ያደርገዋል፣ የሚመጣውንም ሰው ፊት አያሳይም። ከ4 እስከ 5 ሜትር ምሰሶ ላይ ወደ ታች የሚያበራ፣ ቀለሙ 3,000 ኬልቪን ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሞቅ ያለ መብራት ዋናው መንገድ ላይ ደርድሩ። መውጫ የሌለውንና ሰው የማያልፍበትን ጥግ አታብሩት፤ መብራቱ ሰላም ነው ብሎ ይጠራል።

ጥያቄ፦ ሣራችን በየቦታው መላጣ እየሆነ ነው።

መልስ፦ መላጣው የመንገድ ቅርጽ ካለው መንገድ አድርጉት። ጎል ፊት ለፊት ከሆነ ጎሉን በየጥቂት ወሩ አዛውሩ። ሌላው ምክንያት በጣም ዝቅ አድርጎ ማጨድ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አይቆረጥ፣ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይተው። የተጠቀጠቀ አፈር ላይ ዘር መበተን ብክነት ነው። አስቀድማችሁ በሹካ መቆፈሪያ 10 ሴንቲ ሜትር እየወጋችሁ አየር ስጡት፣ ኮምፖስት በስሱ በትኑ፣ ዘሩ፣ ከዚያ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት በገመድ ክለሉት።

ጥያቄ፦ ከተነጠፈው አደባባያችን የሚወርደው የዝናብ ውኃ ሣሩ ላይ ተኝቶ ትንኝ ያፈራል። ቦይ ለማውጣት አቅም የለንም።

መልስ፦ የሚወርደውን ውኃ የሚቀበልና የሚያሰርግ ዝቅ ያለ የዕፅዋት መደብ ሥሩ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚዘንብ 1 ሚሊ ሜትር 1 ሊትር ነው። አደባባዩ 300 ካሬ ሜትር ቢሆንና 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 6,000 ሊትር ይወርዳል፤ ይህንን 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው 30 ካሬ ሜትር መደብ ይይዘዋል። ወለሉ በውኃ ልክ የተስተካከለ ይሁን፣ በታችኛው ጎን የሚተርፈው የሚወጣበት በድንጋይ የተነጠፈ ዝቅ ያለ አፍ ይኑረው፤ ከሕንፃ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ከላይ የተናገርነውን የጉድጓድ ሙከራ እዚያው ቦታ አድርጉ፦ ውኃው በ48 ሰዓት ውስጥ መስረግ አለበት። ትንኝ ከእንቁላል ወደ ክንፍ ለመድረስ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ በሁለት ቀን የሚደርቅ ውኃ አያፈራውም። መደቡ የሚበላሸው ደለል ሲሞላው ነው፤ ውኃው በሚገባበት በኩል የሚከማቸውን አፈር ከየከባድ ዝናቡ በኋላ በአካፋ አውጡ።

ጥያቄ፦ መናፈሻው ሲመረቅ 200 ሰው ነበር። አሁን የሚሠራው ሦስት ሰው ነው፤ እኛም ደከምን።
*ከሦስቱ አንዷ*

መልስ፦ እህታችን፣ ድካማችሁ ይገባናል። ሦስት ሰው ለዘለዓለም ይሸከመዋል ብሎ መጠበቅ መናፈሻውንም እናንተንም መጉዳት ነው። ሥራውን በስም ሳይሆን በቁራጭ አካፍሉት። “በመናፈሻው አግዙ” ለሚል ጥሪ ማንም አይመጣም፤ “ይህችን አንዲት ዛፍ ለዚህ ደረቅ ወቅት በሳምንት ሁለት ጀሪካን አጠጣ” ሲባል ግን ዛፏ ፊት ለፊት የሚኖረው ቤተሰብ እሺ ይላል። ዛፏ ላይ በላላ ገመድ ቁጥር አንጠልጥሉና ከቤት ቁጥሩ ጋር መዝግቡት። የጋራ ሥራ ቀን በወር ከአንድ አይብለጥ፣ ከሁለት ሰዓትም አይርዘም፤ መሣሪያው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

የቆሻሻ መጣያውን ቁጥር ማንሣት ከምትችሉት አታብዙት። መግቢያው ላይና ሰው የሚበላበት ወንበር አጠገብ ብቻ ይቀመጥ፣ ክዳን ይኑረው። ሞልቶ የፈሰሰ መጣያ ጭራሽ ካለመኖሩ ይብሳል፤ ሰው በዙሪያው ይከምራልና።

የተሰበረ ነገር ሲገኝ በሁለት ቀን ውስጥ ይጠገን፤ ካልተቻለ ይነሣ። ተሰብሮ የቆየ አንድ ወንበር ማንም እንደማይቆጣጠር ለሁሉም ይናገራል። ጥገናው እንዲቀል ወንበሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ብሎኑም አንድ መጠን፣ ቧንቧውም አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንድ መፍቻና አንድ ሳጥን መለዋወጫ ለሁሉም ይበቃል።

ሦስታችሁ ብቻ የምታውቁትንም ወደ ወረቀት አውጡት። የተቀበረው የውኃ መስመር የት እንደሚያልፍ፣ መዝጊያው የት እንዳለ የምታውቂው አንቺ ብቻ ከሆንሽ አንቺ በሌለሽበት ቀን ቧንቧ ሲፈነዳ መናፈሻው ይቆፈራል። እያንዳንዱን መዝጊያ ከማይንቀሳቀሱ ሁለት ነገሮች፣ ለምሳሌ ከበሩ ምሰሶና ከሕንፃው ጥግ፣ በሜትር ለክታችሁ ሁለቱንም ርቀት በንድፉ ላይ ጻፉ። ሌላው ሰው ሁለት ሲባጎ ዘርግቶ የሚገናኙበትን ይቆፍራል። የወረቀቱ ቅጂ በሦስት የተለያዩ ቤቶች ይቀመጥ።